ሁለት ወንድማማች በአንድ ሳጥን

«እኔ ግራ አልሆንም» አለ ማርቆስ፣ የጊታሩን ገመድ ክንዱ ላይ እየጠቀለለ።

«ግራ ሁን ማን አለህ? በግራ በኩል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ሰካ ነው ያልኩህ።»

«ልዩነቱን አስረዳኝ።»

ላስረዳው አፌን ስከፍት ታላቅ ወንድሙ ታምራት ከመስኮቱ ሥር ሆኖ፣ ወንድሙን ሳያይ፣ «እኔም ግራ እንደማልሆን ንገርልኝ» አለኝ። ማርቆስ እጁን ቢዘረጋ ጉልበቱን ይነካዋል። ቢሆንም ነገሩ በእኔ በኩል ማለፍ ነበረበት፤ ከጠዋት ጀምሮ በሁለቱ መካከል እንደ ገመድ ተዘርግቼ ቃል ሳመላልስ ነው የዋልኩት።

«ታምራት ግራ አልሆንም ይላል» አልኩት ማርቆስን።

«ጥሩ። በጎቹ በየት፣ ፍየሎቹ በየት እንደሚቆሙ አልረሳም ማለት ነው፣ በለው።»

«ጥሩ ይላል» አልኩት ታምራትን። ደህና ገመድ ጫጫታውን አስቀርቶ ዜማውን ብቻ ያሳልፋል።

የነበርነው ሆሳዕና፣ እማማ አበበች ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። እማማ አበበች የሁለቱ እናት ናቸው። ውጭ ግቢው ላይ ድንኳን ተጥሏል፤ እንግዶች ጃንጥላቸውን ወንበር ላይ እያንጠለጠሉ መቀመጥ ጀምረዋል፤ ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ ትልልቅ ድስት ጥደዋል። እኛ ደግሞ ሦስት ጎረምሶች ሆነን ወገቤ የሚደርስ ጥቁር ሳጥን ጀርባውን አዙረን ከበነዋል። ሳጥኑ አራት ስፒከር በሆዱ የያዘ የጊታር ሳጥን ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ቀዳዳና አንዲት ትንሽ፣ ወዲህና ወዲያ ጠቅ የምትል ማቀያየሪያ አለችው። ጠረጴዛው ላይ የጊታር ድምፅ የሚያጎሉ ሁለት አምፕሊፋየር ተቀምጠዋል፤ አንዱ የታምራት፣ አንዱ የማርቆስ። የታምራትን በአንዱ ቀዳዳ፣ የማርቆስን በሌላው እንሰካለን። ያን ጊዜ ከአራቱ ስፒከሮች ሁለቱ ታምራትን፣ ሁለቱ ማርቆስን ያሰማሉ። አንድ ሳጥን፣ ሁለት ጊታር፣ ማንም ማንንም ሳይነካ። ይህ ስቴሪዮ ይባላል። ቃሉን እዚያ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ባላመጣው ኖሮ ያን ቀን ቢያንስ አንዱ አምፕሊፋየር በሕይወት ይተርፍ ነበር።

ዝግጅቱ የምስጋና ፕሮግራም ነው። በእኛ ከተማ ሰው ከበሽታ ሲድን፣ ልጅ ሲያስመርቅ፣ ቤት ሠርቶ ሲገባ፣ ጎረቤቱንና ሽማግሌውን መዘምራኑንም ጠርቶ፣ ጸልዮና ዘምሮ፣ አብልቶ ይሸኛል። እማማ አበበች አዲስ አበባ ሆስፒታል ብዙ ተኝተው፣ እዚህ ያለነውም ተስፋ ቆርጠን አንዳንዶቻችን ጥቁር ልብሳችንን ከተኮስን በኋላ፣ ድነው መጡ። ዘመድ ተሰብስቦ «ምን እናድርግልዎት?» ሲላቸው ጋቢም በሬም አልጠየቁም። ሁለቱ ልጆቻቸው አንድ መዝሙር አብረው ሲመቱ መስማት ብቻ ፈለጉ። ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ለእኔም ነገሩኝ፤ «ተለያይተው ከሚመጡልኝ ሁለቱም ቢቀሩ ይሻለኛል» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የፈራሁትም ለዚሁ ነው። የምታለቅስ እናት ትባበላለች፤ የወሰነች እናት ግን ምን ትደረጋለች?

ወንድማማቾቹ በመሬት ቢጣሉ ሽማግሌ ለክቶ ይገላግላቸው ነበር። የተጣሉት ግን በድምፅ ነው። ዱራሜ በተደረገ የመዘምራን ጉባኤ ላይ፣ በመዝሙሩ መሃል፣ ታምራት ወደ ኋላ ዞሮ የማርቆስን ቮሊዩም ቀነሰበት። ማርቆስ መልሶ ጨመረው። ታምራት ሕዝብ ፊት ነውና ፈገግ እያለ እንደገና ቀነሰው። ማርቆስ ገመዱን ነቀለ፣ ጊታሩን አነገተ፣ የመዘምራን ጋውኑን እንደለበሰ ወደ መናኸሪያ ሄዶ የሆሳዕና ሚኒባስ ተሳፈረ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲንጫጫ ተሳፋሪው በሙሉ ወደ እሱ ዞሮ «ወንድም፣ እባክህ ጸልይልን» እንዳለው እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያ ስሜት ውስጥ ሆኖ ስለ ማን ምን ብሎ እንደጸለየ ግን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ማርቆስ ጊምቢቹ ገብቶ አስተማሪ ሆነ፣ ታምራት እዚሁ ቀረ፤ የበዓል ሰላምታቸው እንኳ በእናታቸው በኩል ነው የሚደርሰው።

እናታቸው ሲጠይቁ ሁለቱም እሺ አሉ። ይሁን እንጂ የእሺ ታናሽ ወንድም «ግን» ነው፤ ተከትሎት መጣ። ታምራት በማርቆስ አምፕሊፋየር አይመታም፤ ማርቆስም በታምራት። የታምራት አምፕሊፋየር የድሮ ነው፤ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የብርጭቆ ቱቦዎች አሉት፣ ሲሞቁ እንደ ፍም ይቀላሉ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው የሚያሳድረው፤ ሚስቱ ከእሷ ይልቅ ለእሱ ብርድ እንደሚያስብ ደጋግማ ተናግራለች። የራሱ ሳጥን ግን አይሠራም፤ የስፒከሩን ወረቀት አይጥ በልቶበታል። የማርቆስ አዲስና ቀላል ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ መድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይደረደራል። የእሱንም ሳጥን የሚኒባሱ ረዳት «ወይ አንተ ወይ ሳጥኑ» ብሎት ጊምቢቹ ጥሎት መጣ። አምፕሊፋየሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የደረሰው። ጎኑ የተቀመጡ ሴትዮ ስታብላይዘር መስሏቸው ለፍሪጅ ይሆን እንደሆነ ሲጠይቁት መጡ።

ስለዚህ በከተማው ለእኛ የሚሆን አንድ ሳጥን ብቻ ቀረ፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ሳጥን። ሁለት አምፕሊፋየር፣ አንድ ሳጥን፣ ሁለት ኩራት። በዚህ መሃል ነው እኔ የገባሁት።

እኔ ማን ነኝ? የሁለቱ የልጅነት ጓደኛና ገጣሚ ነኝ። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ስለዚህ በእኔ የሚወቀስ ሰውም የለም። ለምስጋናውም ግጥም አዘጋጅቼ ነበር። ታምራት በአንድ በኩል፣ ማርቆስ በሌላ በኩል ቀስ ብለው ይመታሉ፣ እኔ መሃል ቆሜ አነባለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ እናታቸውን ለማስደሰት ከነበረኝ ጉጉት ግማሹ ይህ ነው። የሆሳዕና ሰው ግጥሜን ያውቀዋል፤ ወረቀት ይዤ ስነሳ ሁሉም አንገቱን ወደ ጓዳ ያዞራል፣ ምግቡ ይቀድመኝ ይሆን ብሎ። በሁለት ጊታር ታጅቤ ግን ማን ፊቱን ያዞርብኛል?

ስለ ስቴሪዮ ያነበብኩት በስልኬ ነው። ጽሑፉ ረጅም ነበር። ግማሹ ላይ ስደርስ ኦም የሚባል ነገር አገኘሁ። ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው። ኤሌክትሪኩ በገመድ ሲሄድ የሚገጥመው እምቢታ መለኪያ አለው ማለት ነው። አንባቢዬ፣ እምቢታ የሚለካበት ዓለም ውስጥ እንደምኖር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ልቤ ተነካ። ስልኩን አስቀምጬ ስለ እምቢታ ግጥም መጻፍ ጀመርኩ። ግጥሙ ጥሩ ወጣ። ወደ ጽሑፉ ግን አልተመለስኩም። ኋላ እንዳየሁት ሁለተኛው ግማሽ የሚጀምረው «በምንም ዓይነት» በሚሉ ቃላት ነበር።

ወደ ሳሎኑ እንመለስ፤ ሁለቱም ግራ አንሆንም እንዳሉ ናቸው። ግራና ቀኝ እንደ ተመልካቹ ነው አልኳቸው። ከኋላ ግራ የሆነው ከፊት ሲታይ ቀኝ ነው። ይህን ላሳያቸው በሳጥኑ ዙሪያ አስዞርኳቸው፤ አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላው፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ አንገታቸውን ሰብረው ተላለፉ። ዞረው ሲጨርሱ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። እማማ የሚቀመጡት ከፊት ነው፤ ስለዚህ ለእማማ ቀኝ የሚሆነው ማን ነው? እንዲያው ሊቅ ነኝ ብዬ ችግሩን አንድ ከመሆን ወደ ሁለት አሳደግሁት።

ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ሳጥኑን በጎኑ ማጋደም ነበር። በጎኑ ከተጋደመ ግራና ቀኝ አይኖርም፣ ላይና ታች ይሆናል። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ታችኞቹ ስፒከሮች ጣል አደረጉ። ከዚያም ወደ እኔ አዩ። ሐሳቡን ራሴ አነሳሁት።

ይህን ጊዜ ጋሽ ላምቤቦ ገቡ። ጋሽ ላምቤቦ የቤተ ክርስቲያኑም የሰፈሩም ሽማግሌ ናቸው። ድንበር ያካልላሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር የተቀያየመ ሰው አስማምተዋል ይባላል። ሳጥኑም በእሳቸው ኃላፊነት ስለሆነ ሊያዩት ነው የመጡት። ወንበር ሳቡ፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ፣ ነገሩን ከሥሩ ንገሩኝ አሉ። ስለ ስፒከር ጸብ ቢሆንም የሽምግልና ወግ ወግ ነው። መጀመሪያ ታላቁ ተናገረ፣ ቀጥሎ ታናሹ፣ በመጨረሻ እኔ፣ እንደ ምስክር። ጋሽ ላምቤቦ ማንንም ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ ጠየቁ፤ «ሳጥኑ ድንኳኑ ውስጥ ሲቆም ይሄኛው ጎኑ ወዴት ይውላል?»

ወደ ጊምቢቹ መንገድ ነው አልኳቸው።

«ያኛውስ?»

ወደ አንጋጫ።

«እንግዲህ ማርቆስ የሚያስተምረው ጊምቢቹ ነው። የጊምቢቹ ጎን የእሱ ነው። የታምራት ሚስት የአንጋጫ ልጅ ናት። የአንጋጫ ጎን የታምራት ነው። ከአሁን በኋላ እዚህ ቤት ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም።»

አለቀ። ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ ሙሉ ጠዋት በፊዚክስ ያቃተኝን ሽማግሌው በሁለት የገበያ መንገድ ፈቱት። ደስ ብሎኝ ገመዶቹን ስሰካ ጋሽ ላምቤቦ ጎንበስ ብለው ጀርባውን ተመለከቱና «ይቺስ ምንድን ናት?» አሉኝ፣ በጃንጥላቸው ጫፍ ማቀያየሪያዋን እያሳዩ።

መልሱ ቀላል ነበር። «አይንኳት» ማለት ይበቃ ነበር። አንድ ቃል። ተራ ሰው ብሆን እሱኑ ብዬ እገላገል ነበር። እኔ ግን ተራ ሰው አይደለሁም፤ ተነስቼ ቆምኩና እጄን ዘርግቼ፣ «ጋሽ፣ ይቺ ወደዚህ ስትሆን ሳጥኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ሁለቱን አያውቁም። ወደዚያ ስትሆን ግን ግድግዳው ይፈርሳል፣ አራቱም አፎች በአንድ ልብ ይናገራሉ» አልኳቸው። ያልነገርኳቸው፣ እኔም በቅጡ ያላወቅሁት ነገር ግን አለ። ማቀያየሪያዋ አንድ የምታደርገው አንድ አምፕሊፋየር ብቻ ሲሰካ ነው። ሁለቱ ተሰክተው ሳለ ብትዞር አንዱ አምፕሊፋየር ድምፁን ወደ ስፒከሩ ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላኛው አምፕሊፋየር ጉሮሮ ይለቃል። ሌላኛውም እንዲሁ። ሁለት ሰው በአንድ ቱቦ ከወዲያና ከወዲህ እንደ መንፋት ነው።

«እህ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። ሽማግሌ «እህ» ብሎ ዝም ሲል ነገሩ አልገባውም ማለት አይደለም፤ ከተባለው በላይ ገብቶታል ማለት ነው።

ሳጥኑንና አምፕሊፋየሮቹን ተሸክመን ወደ ድንኳኑ አወጣናቸው። እማማ አበበች ነጭ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ልጆቻቸው በአንድ በር፣ አንድ ሳጥን ይዘው ሲወጡ አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለሙከራ ታምራት አንድ ክር መታ፣ ማርቆስም አንድ። ሠራ። በእውነት ሠራ። የታምራት ድምፅ ወፍራምና ሙቅ ሆኖ ከአንጋጫ በኩል፣ የማርቆስ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆኖ ከጊምቢቹ በኩል መጣ። እኔ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጋሽ ላምቤቦ ግን ልዩነት አልሰማሁም አሉ። እውነታቸውን ነው። የአንድ ሳጥን ስቴሪዮ ስስታም ነው፤ ትንሽ ራቅ ካልክ ሁለቱ ድምፆች መንገድ ላይ ተገናኝተው ተቀላቅለው ነው የሚደርሱህ። የሚያጣጥመው አፍንጫውን ሳጥኑ ላይ ያስጠጋ ሰው ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ላምቤቦ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጃንጥላቸውን አስቀመጡ፣ ቀስ ብለው ሳጥኑ ፊት ተንበረከኩና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው መንበርከካቸውን አዩ። ጸሎት የተጀመረ መሰላቸውና ተንበረከኩ። ከኋላ ያሉት የፊቶቹን አይተው ተንበረከኩ። ጥግ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ጮክ ብለው መጸለይ ጀመሩ፤ አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ ከጓዳ ሴቶቹ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ ብለው እነሱም በያሉበት ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚህ መሃል ማርቆስ ዲንግ ያደርጋል፤ ታምራት ዶንግ ያደርጋል፤ ጋሽ ላምቤቦ ጆሯቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያዘዋወሩ፣ ይቅርታ፣ ከጊምቢቹ ወደ አንጋጫ እያዘዋወሩ፣ ያዳምጣሉ። ቀና ሲሉ ድንኳኑ በሙሉ በጉልበቱ ነው። ልምድ ያለው ሽማግሌ የተንበረከከ ሕዝብ አግኝቶ አያባክንም። ትንሽ አሰቡና «አሜን» አሉ። ሕዝቡም አሜን ብሎ ተነሳ። ፕሮግራሙ በዚህ ሁኔታ፣ ወጡ ሳይበስል፣ መሪው ሳይመጣ ተከፈተ።

ጋሽ ላምቤቦ ከተከፈተ አይቀር ብለው አጭር ስብከት ሰጡ። ስለ ወንድማማች ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል አሉ። መለያየት ደግ እንዳልሆነ፣ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ መሆን ሰው ቢለምደውም እግዚአብሔር እንደማይወደው ተናገሩ። ሲናገሩ ሳጥኑን ያዩት ነበር። እኔ ግን ግጥሜን በልቤ እየከለስኩ ስለነበር አላስተዋልኩም። ከዚያ «እንጸልይ» አሉ።

በእኛ አገር እንጸልይ ከተባለ ዓይን ይጨፈናል። የሚጸልየው ሰው ደግሞ እንደ ስሜቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። የጋሽ ላምቤቦ ድምፅ መጀመሪያ ከፊቴ ነበር። ከዚያ ወደ ጎኔ ዞረ። ከዚያ ከሳጥኑ ጀርባ ሆነ። «አንድ አድርጋቸው» ሲሉ ሰማሁ፤ ወዲያው ጠቅ የሚል ድምፅ ተከተለ። የጃንጥላቸው ቁልፍ ነው ብዬ አሜን አልኩ። አሜን ስል ምን ላይ እንደፈረምኩ አላወቅሁም።

ዓይናችንን ገለጥን። ታምራትና ማርቆስ በአገጫቸው ተጣቀሱ፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። መዝሙሩን ጀመሩ። ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ድንኳኑን ሞላው፣ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ እማማ አበበች ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። እኔም ወረቀቴን አወጣሁ። ከዚያ ግን መዝሙሩ ላይ ሰው የተቀመጠበት መሰለ። ድምፁ ጠበበ፣ ሻከረ፣ እንደ ጉንፋን አፈነው። የታምራት ቱቦዎች ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሄዱ። የማርቆስ መብራቶች ማታ እንደ ሰፈር መብራት አንድ በአንድ ጠፉ። ጭስ ወጣ።

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው ከኋላ ወደተቀመጡት ነው። አንዲት ሴት በሐዘን «ወጡ አረረ» አሉ። ቃሉ እንደ እሳት ተዛመተ። ሴቶቹ እየተሯሯጡ ወደ ጓዳ ገቡ፤ አንዷ ሌላዋን ማማሰል ትተሽ ምን ልታዪ ወጣሽ እያለች ስትቆጣ እስከ ድንኳኑ ይሰማል። ምንም ያላረረ ድስት ላይ ውሃ ጨመሩበት። እንግዲህ የዚያን ቀን ወጥ የቀጠነውም በእኔ ነው።

ሮጬ ከሳጥኑ ጀርባ ሄድኩ። ማቀያየሪያዋ ዞራለች። ገመዶቹን ነቀልኩ፤ ዘግይቼ ነበር። ጋሽ ላምቤቦን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አንድ አደረግኋቸው» አሉ በእርጋታ። «አንተው አይደለህ ግድግዳው ይፈርሳል ያልከኝ?»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ አምፕሊፋየር ቢያብር ግን ይጨሳል። ይህን ግን ሽማግሌ ፊት አይናገሩትም። እኔስ ግጥም ባላበዛ ኖሮ?

መዘምራኑ ያለ ጊታር፣ በጭብጨባና በአፍ ቀጠሉ። ሦስታችን የሞቱትን አምፕሊፋየሮች ይዘን ወደ ሳሎን ገባን። ታምራት የእሱን በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ልጅ አቅፎ ተቀመጠ። ማርቆስ የእሱን አብራ፣ አጥፋ፣ አብራ አደረገው። አንድም መብራት አልበራም። ከዚያ «ያንተ አሮጌ ነው የኔን የገደለው» አለ።

«አሮጌማ ሆኖ ስንት ዘመን ሠርቷል። ያንተ ነው የማስታወቂያ መብራት» አለ ታምራት።

እኔ ከልማድ የተነሳ «ታምራት የሚለው ምንድን ነው—» ብዬ ጀመርኩ።

ሁለቱም እኩል ዞሩ። «አንተ ዝም በል» አሉኝ፤ እኩል፣ በአንድ ድምፅ። ያን ቀን ሙሉ ያላገኘሁትን ኅብረት በዚህች ዓረፍተ ነገር አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ስለ እኔ ሲነጋገሩ እኔ እዚያ የሌለሁ መሰልኩ። ታምራት «ድሮም እንዲህ ነው» አለ። ማርቆስ «የአባባን ራዲዮ የፈታ ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አለው። ታምራት «መልሶ ሲገጥመው ብሎን ተርፎት ነበር» አለ። ማርቆስ «የተረፈውን ብሎን ምን አደረግኸው ስንለው፣ ‹ራዲዮው ቀለለ እንጂ ምን ሆነ› አለን» አለ። ታምራት ሳቀ። ማርቆስ ላለመሳቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ከዳው። እኔ ይህን እያየሁ፣ ውርደቴ ለሰው ጠቅሟል ብዬ ለመጽናናት ሞከርኩ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ሁለቱም እናታቸውን አስታወሱ። ሳቁ ቆመ። ሴትዮዋ ከሞት አፋፍ ተመልሰው አንድ ነገር ጠየቁ፤ የደረሳቸው ጭስ ነው። ታምራት ብርድ ልብሱን ያለ ምክንያት ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። «ምን እንበላት?» አለ። ማርቆስ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘለት።

እማማ አበበች ራሳቸው መጡ። በዘንጋቸው ተደግፈው ሳሎኑን አቋርጠው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና ከውስጥ ልጆቻቸውን በአገራቸው ቋንቋ በሐዲይሳ ጠሩ። እማማ ሲቆጡ በሐዲይሳ ነው፤ ሲያዝኑም በሐዲይሳ ነው፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ አልታወቀም። ሁለቱ ጊታራቸውን ሳያወልቁ ተከተሉ። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ተከተልኩ፤ ወረቀቴ በእጄ ነበር።

እማማ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ተቆጥተው አልነበረም፤ ደክሟቸው ነበር።

«ይሄ እንጨት ያለዚያ የሚጨስ ነገር አይናገርም?» አሉ፣ ወደ ጊታሩ እያመለከቱ።

«ይናገራል እማዬ» አለ ታምራት። «ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። እንዲሁ ሲመታ ከክንድ ርቀት በላይ አይሰማም።»

«እኔስ ከክንድ በላይ ነኝ?»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ማርቆስ በአንድ ጎናቸው አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ታምራት በሌላው። የትኛው በየት እንደሆነ የጠየቀ የለም። እማማ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። የድንኳኑ ጭብጨባ በበሩ በኩል ይገባ ነበር።

እኔ ወረቀቴን ዘረጋሁ። አሁን ነው አልኩ በልቤ፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ገጣሚ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያገኘው።

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ወደ እንግዶቹ ሂድ።»

«እማማ፣ ግጥሙ አጭር ነው።»

«ይሁን። ስትወጣ በሩን ሳበው፣ ጫጫታው እየገባ ነው።»

ወረቀቴን አጠፍኩ። ዞር ስል ማርቆስ በእናቱ አናት ላይ አሻግሮ፣ «እስቲ ያቺን ቀጭኗን ክር ምታልኝ፣ ልቃኝባት» ሲል ሰማሁ፤ ለእኔ አልነበረም። ታምራት መታለት። እንደ ትንኝ ክንፍ ያለች ድምፅ ናት፤ ደፍ ላይ ቆሜ ግማሿን እንኳ አልሰማኋትም። ወጣሁ። በሩን ሳብኩት፤ ተዘጋ።